የሹራብ አንገትና አሰልቺው ድግግሞሽ

ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ልወጣ ስል አዲሱን ሹራቤን ባጠልቅ ጭንቅላቴ አልወጣም አለኝ። ፊቴ ክር ውስጥ እንደተቀበረ ግድግዳ እየታከክሁ ሄጄ ሹራቡን የሠሩልኝን የጎረቤቴን የሹራብ ሠሪዋን ወይዘሮ በር በክርኔ መታሁ።

«ማነው?»

«የእጅዎ ሥራ ነኝ!» አልኩ ከውስጥ።

የእህታቸው ልጅ ከት ብላ ስቃ ጎትታ አወጣችኝ። ጆሮዬ ለትንሽ እዚያው ሊቀር ነበር።

የደረስኩት ለካ ሙግት መሃል ኖሯል። ልጅቷ የሥነ ሕይወት ተማሪ ናት፤ ሰኞ የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ታስገባለች። ያሳደጓት አክስቷ ግን «ወይ ርዕሱን ለውጪ፣ ወይ ትምህርቱን ትተሽ መርፌ ያዢ» ብለዋታል።

«አንተ ጎረቤት፣ እስቲ ፍረደን» አሉኝ። «ፕሮቲን ሃያ ዓይነት ዶቃ የተሰካበት ክር ነው አለችኝ፤ ዶቃው አሚኖ አሲድ ይባላል አለች፤ ይሁን። እሷ ግን የተዘነቀውን፣ ያማረውን ትታ፣ አንድና ሁለቱ ብቻ የሚደጋገምበትን ላጥና ትላለች! ያንኑ በያንኑ!»

«አክስቴ፣ ይቆጡኝ፤ ግን ያድምጡኝ። ብዙ ሊቃውንትም ንቀው ሲያልፉት ኖረዋል። ሸረሪት ግን ድሯን የምትሠራው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ዶቃ እየደጋገመች ነው፤ ጥንካሬውም ከዚያ ነው። ደግሞ በየፍጡሩ ይለያያል፤ የወባ ተውሳክ አንዱን ያበዛል፣ ዝንብ ሌላውን። ለምን? እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።»

«ሸረሪት ሥራ ፈት ናት!»

ሸረሪት ሥራ ፈት ከተባለች እኔማ ምን ልባል ነው አልኩ በሆዴ።

ልጅቷ ሹራቤን አነሳች። «ይህን አንገት እንዴት ሠሩት?»

«እ... ቸኩዬ ነበር። አንዱን ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጭ እያሉ መድገም ያሰለቻል። እንደ ደረቱ አድርጌ ዘጋሁት። አበባውን አታዪም?»

«አበባውማ ያምራል፤ ጋሼ ግን ሊታፈኑ ነበር! አሰልቺውን ቢተዉት ነው አልለጠጥ ያለው። ፕሮቲንም ላይ እንደዚያው፤ ብዙ ጊዜ የሚተጣጠፈው ያ የተናቀው ክፍል ነው።»

ወይዘሮዋ አንገቱን ሳቡት፤ ንቅንቅ አላለም። የለበሱትን፣ እየደጋገሙ የሠሩትን የራሳቸውን አንገት ሳቡ፤ ተለጥጦ ተመለሰ። እኔን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ሠላሳ ዓመት እጄ የሚያውቀውን አፌ ሲክደው! በይ ሂጂ፣ አስገቢው። አንተም ሹራብህን እዚሁ ተወው፤ ፈትቼ እሠራዋለሁ።»

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የተደጋገመ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ያሰለቸንን ከመጣላችን በፊት ምን ተሸክሞልን እንደኖረ ብንጠይቅ፣ ሹራቡም ይለበሳል፣ ልጁም ይማራል፤ ማን ያውቃል፣ የወባውን ተውሳክ ባሕርይ የሚያስረዳንም ከዚያው ይገኝ ይሆናል።

ርዕሱ ሰኞ ገባ፤ ጸደቀም። አሁን ልጅቷ ከትምህርት ስትመለስ አክስቷ ከበር ላይ «ዛሬስ የትኛው ፍጡር ደገመ?» ሲሉ እሰማለሁ።

«እርሾ!» ትላለች።

«እሰይ፣ ጎበዝ እርሾ!»