የጥዑመልሳን ጨዋታ ሲዘጋ

መምህር ስለሆንኩ ይሁን ሲፈጥረኝ፣ ሰው መምከር እወዳለሁ። ስመከር ግን ፊቴ ይጠቁራል። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመከርኩት ይልቅ የተመከርኩት ስለሚበልጥ ነው።

ዘመኑ በፈረንጆች 2008 ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካርቱም ውስጥ ከካላክላ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በምትሄድ ሃፍላ፣ ማለት ትንሽ አውቶቡስ፣ ተሳፍሬ ዞር ስል፣ ከጎኔ የተቀመጡት አቶ ገብረየስ ሆነው አገኘኋቸው። እኚህ ሰው ካርቱም ሃያ ሦስት ዓመት ኖረዋል። በልብስ ስፌት ሁለት ልጆች አሳድገዋል፣ ሚስታቸውንም እዚሁ ቀብረዋል። ታላቁ ልጃቸው ጥዑመልሳን ከሁለት ዓመት በፊት በረሃውን አቋርጦ ወደ ሊቢያ ሄደ። ኩፍራ ከምትባል ከተማ አንድ ጊዜ ደወለ፤ “ነገ እንቀጥላለን” አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። በአገር ልጆች ማኅበራችን ትምህርት ቤት አስተምሬዋለሁና ነገሩ እኔንም ይቆረቁረኝ ነበር።

ወዴት እንደሚሄዱ ብጠይቃቸው፣ ጀብራ ሰፈር፣ ተውፊቅ የሚባል ሰው ኢንተርኔት ቤት አሉኝ። ስድሳን ያለፉ ሰው ኢንተርኔት ቤት ምን ሊሠሩ ብዬ ተገረምኩ። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ስለነበር ሁሉንም አጫወቱኝ። ጥዑመልሳን ከመሄዱ በፊት የኮምፒውተር ጨዋታ ነፍሱ ነበር። ጨዋታው ከየአገሩ ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት የሚገናኙበት፣ ሰይፍ ይዘው የሚዋጉበት፣ በየወሩ የሚከፈልበት ነው። እሱም እዚያ ውስጥ ራሱን “የካላክላው ነብር” ብሎ ሰይሟል። ከሱዳን መክፈል ስለማይቻል የተውፊቅ ወንድም ከዱባይ ሆኖ ይከፍልለታል። ልጁ ከሄደ ወዲህ ደግሞ አባቱ በየወሩ ጀብራ እየተመላለሱ ያሳድሳሉ። ሃያ ስድስት ወር ሙሉ አንዱንም አላጓደሉም።

“በአባቴ ቤት የመንገደኛ ድርሻ አይበላም ነበር” አሉኝ። “ሰውዬው እስኪመለስ ተከድኖ ይቆየዋል። ታዲያ እኔ የልጄን ድርሻ ልብላ? አንድ ቀን ኢንተርኔት ያለበት አገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚከፍተው ይህን ጨዋታ ነው። ተዘግቶ ካገኘው አባቴ ተስፋ ቆረጠብኝ ይላል።”

እኔ ምን ቸገረኝ፣ ምክሬን ጀመርኩ። ስለ ቁጠባ ተናገርኩ፤ ስለ ዘመናዊ አስተሳሰብ ተናገርኩ፤ ማንም የማይጫወተውን ጨዋታ መክፈል ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው አልኩ። ልጅ የጠፋበት ሰው ሐዘኑን አቅፎ መቀመጥ ሳይሆን ለሚመለከተው ማስታወቅ አለበት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ጀብራ እስክንደርስ ተረትኩባቸው። በትሕትና አዳመጡኝ። ስንወርድ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ “መምህር፣ መቼም እርስዎ አልወለዱም” አሉኝ። የተናገሩት በደግነት ነበር።

እንዲህ ተብዬ ትቻቸው መሄድ አልሆነልኝም፣ ተከተልኳቸው። ተውፊቅ የወሎ ሰው ነው፤ አራት ኮምፒውተሮች የደረደረባት ጠባብ ቤት አለችው። ስንገባ ናርዶስ ቀድማን ተቀምጣለች። የአቶ ገብረየስ ሁለተኛ ልጅ ናት፤ የነርስነት ትምህርት ተማሪ፣ ካርቱም ተወልዳ ያደገች። እንድትመጣ የጠራት ተውፊቅ ነው።

“ዓም ገብረየስ፣ ወላሂ ፊትዎን ለማየት አፍሬያለሁ” አለ ተውፊቅ፣ እንደ ሱዳኖቹ አጎቴ እያለ ሲጠራቸው። “ወንድሜ ዱባይን ሊለቅ ነው። ከዛሬ በኋላ የሚከፍልልን የለም። ወይ ዛሬ የዓመቱን ባንዴ እንክፈል፣ ወይ እንሰርዘው።”

“የዓመቱን ክፈል” አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

ናርዶስ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ከፊታቸው አኖረችው። እኔ ባላውቀውም እሳቸው ወረቀቱን ያውቁታል። ከቤተሰቡ የተለያየ ሰው ከሚያፈላልግ መሥሪያ ቤት ያመጣችው ቅጽ ነበር፤ የአባት ፊርማ ስለሚጠይቅ ሦስት ወር ስትለምናቸው ከርማለች። እሳቸው ግን አልነካውም ብለዋል። ምክንያቱም የቅጹ የመጀመሪያ መስመር “የጠፋው ሰው ስም” ይላል።

“ሟርት ነው” አሉ ወረቀቱን በጣታቸው ገፋ አድርገው። “ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። እኔ አባቱ በገዛ እጄ ጠፋ ብዬ ከፈረምኩ፣ ማን ይመልሰዋል?”

እኔ ስለ አጉል እምነት ልናገር አፌን ስከፍት ናርዶስ፣ “ኡስታዝ፣ ይተዉት” አለችኝ፣ በዓረብኛ መምህር ማለቷ ነው። ሰው ዝም በል ሲለኝ የሰማሁበት ቀን እምብዛም የለም፤ ያን ቀን ግን ደግ አደረገች።

ተውፊቅን የወንድሟን ገጽ እንዲከፍት ጠየቀችው። ስሙ ወጣ፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ አንድ ቀን ተጽፏል። እንዳነብበው ጠየቀችኝ። ጥዑመልሳን ለመጨረሻ ጊዜ ጨዋታውን የከፈተበት ቀን ነው፤ ከካርቱም በወጣበት ዋዜማ።

“አውቃለሁ” አሉ አቶ ገብረየስ። “ተውፊቅን ‘ልጄ ከፍቶት ያውቃል?’ ብዬ አንድም ቀን ያልጠየቅሁት ስለማውቅ ነው።”

ተውፊቅ አንገቱን ደፋ። ልጅቱ ወንበሯን ወደ አባቷ አስጠጋች። አማርኛዋ ሲቸግራት ዓረብኛ ጣል ታደርጋለች፣ ያን ቀን ግን ቃል በቃል እየመረጠች ተናገረች።

“አባ፣ አንተና እማ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ እንዴት ተገናኛችሁ?”

“በእግዚአብሔር ፈቃድ ነዋ።”

“ከዚያ በፊትስ? እማ በታመመች ጊዜ ነግራኛለች። ድንበር ስታቋርጡ ተለያያችሁ። አንተ በሌላ ካምፕ ታመህ ተኝተሃል። እሷ ስም ወደሚጽፈው ሰውዬ ሄዳ ‘ባሌ ጠፍቶብኛል፣ ጻፍልኝ’ አለች። ሴቶቹ ምን አሏት?”

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ኮምፒውተሩ መለሱ።

“‘ሟርተኛ፣ ባሏን በቁሙ ገደለችው’ አሏት። ውኃ ስትቀዳ እንኳ ይሸሿት ነበር። እሷ ግን በየሳምንቱ እየሄደች ‘ዝርዝሩ ተላከ?’ ትል ነበር። ማለቴ፣ አንተ ባለህበት ካምፕ ስም ሲነበብ የአንተ ስም የተጠራው ማን ስላስጻፈህ ነው? እማ ‘ጠፋ’ ባትል ጥዑምም የለም፣ እኔም የለሁም።”

ይህን ታሪክ ካርቱም ያለ ሰው ሁሉ በግማሹ ያውቀዋል። አቶ ገብረየስ ራሳቸው በየሰርጉ ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር አገናኘን ብለው ይዘጉታል። ሚስታቸው የተሰደቡበትን ክፍል እንዳያዋርዳቸው ብለው ዘለውት ኖረዋል። እንዲያ ሲዘሉት የኖሩት ግን የታሪኩን ዋና ነገር ነበር። እኔ ከካላክላ እስከ ጀብራ ለፍልፌ ያላገኘሁትን፣ ልጅቱ ከገዛ ቤታቸው አውጥታ አሳየቻቸው።

እሳቸውም ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አልደበቁትም።

“ሲጠሩኝ አለሁ ለማለት ድምፅ አልነበረኝም” አሉ። “እጄን ነው ያነሣሁት።” ቅጹን እያዩ ቀጠሉ። “ጥዑምም የሆነ ቦታ ተኝቶ ስሙ እስኪጠራ እየጠበቀ ይሆናል። እኔ እዚህ ጨዋታ እጠብቅለታለሁ። አምጪው።”

ፈረሙ። ከዚያ ወደ ተውፊቅ ዞረው፣ ከተሰረዘ ስሙ ይፋቅ እንደሆነ ጠየቁት። እንደማይፋቅ አስረዳቸው፤ ክፍያው ይቆማል እንጂ ስሙም ሰይፉም ተቀምጦ ይቆያል፣ ልጁ ሲመለስ ከፍሎ ይከፍተዋል።

“እንዲህ ከሆነ ድርሻው ተከድኗል። ሰርዘው” አሉ።

ተውፊቅ መሰረዙን ሲጫን ጥያቄ መጣ፣ እኔ ተረጎምኩ። የምታቋርጡት ለምንድን ነው ይላል፤ ውድ ሆኖባችሁ ነው፣ አልወደዳችሁትም፣ ጊዜ አጥታችሁ ነው፣ ወይስ ሌላ? ሌላ ከሆነ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለው። ተውፊቅ ዝም ብለን እንለፈው አለ።

“ኧረ ተው፣ ሰው ሲጠይቅ ይመለስለታል” አሉ አቶ ገብረየስ። “መምህር፣ በእንግሊዝኛ ይጻፉልኝ። ባለቤቱን ልንፈልግ ሄደናል ይበሉ።”

ጻፍኩ። ከጻፍኩት እንግሊዝኛ ሁሉ የምኮራበት ያ ነው።

አንባቢዬ ጥዑመልሳን ተገኘ ወይ ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ይህን እስክጽፍ ድረስ አልተገኘም፤ ለምክሬ ማማሪያ ብዬ አልዋሽም። ጥቅሙ ግን ሩቅ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የልጁን ምልክት ሲጠይቅ አባትየው ቅንድቡ ላይ ስላለችው ጠባሳ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ስለመሸፈኑ መናገር ነበረባቸው። ሁለት ዓመት ስሙ የማይነሣበት ቤት እንደገና ስለ ልጁ ማውራት ጀመረ። ናርዶስ ስለ ወንድሟ ማልቀስ ስትፈልግ ከአባቷ መደበቋን ተወች። ካላክላ ውስጥም ወሬው ተሰማ። ልጆቻቸውን ሟርት ፈርተው ያላስጻፉ ስምንት ቤተሰቦች አስጻፉ፤ ሁለቱ ሊቢያ እስር ቤት ካሉ ልጆቻቸው በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ አገኙ። አቶ ገብረየስ ዛሬም በየወሩ፣ በዚያው ጀብራ ይሄዱበት በነበረው ቀን፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደው ዝርዝሩ ተላከ ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ሱቃቸው ተቀምጬ ሳለ ወይዘሮ ብርቅነሽ የምትባል ጎረቤታቸው ሱሪ ልታሳጥር መጣች። የልጇ ሱሪ ነው፤ ልጁ ከሄደ ዓመት ሆኖታል፣ ለታናሹ ልታደርገው ነው። እኔ እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ቅጹ ልመክራት ስል፣ “ኧረ ሟርት በአፍዎ አይግባ መምህር፣ እኔ ልጄን ጠፋ አልልም” አለችኝ።

አቶ ገብረየስ መቀሳቸውን አስቀመጡ። “የኔ እመቤት፣ እኔም እንደዚያ እል ነበር። ጠፋ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ፈልጉልኝ ማለት ነው” አሏት። ከመሳቢያቸው ባዶ ቅጽ አወጡና ሱሪው ላይ ዘረጉት። “ሱሪውን አናሳጥረውም፤ ሲመጣ ይለብሰዋል። የልጅሽን ስም ከነአያቱ ንገሪኝ።”

ተቀመጠች፤ ነገረቻቸው።