አንዲት ፊደል ያልተነካችበት መጽሐፍ

«እናትሽ ደኅና ናት ሳቢራ? ጉልበቷስ ተሻላት? እኔማ የልጄን የሠርግ ጥሪ ልወስድ ነው የመጣሁት። ደብረ ወርቅ ላይ ትንሽ ብንቆምም ከብቸና ቶሎ ደረስን።»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ይህን እያሉ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመጽሐፍ ረቂቅ ገለጡ። ሳቢራ ልቧ ደነገጠ። ሞጣ ላይ ገጽ አቀናባሪ ናትና፣ ረቂቁ ላይ ሦስት ሳምንት ስትሠራ ነው የከረመችው። አርታኢዋ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በየቅንፉ ያሰፈሩት ማስታወሻ ሁሉ ሳይነሣ ከጽሑፉ ጋር ተቀላቅሏል። ደራሲው መምህር ፈረደ ግን «አርትዖቱ አልቋል፤ አንዲት ፊደል እንዳትነኪ» ብለዋት ነበር። ሰባተኛ ክፍል ያስተማሯት ናቸውና አልደፈረችም። አሁንም ረቂቁን ሳይገልጡ ፈርመው፣ ለማተሚያ ቤት የሚላከው ፋይል ፍላሽ ላይ እስኪጫን ጥግ ተቀምጠዋል።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ለመምህሩ እጅ ነሡና ወንበራቸውን ወደ ሳቢራ አዞሩ።

«አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ... ስማቸው ምን ያደርግልሻል። መጽሐፍ ጻፉ። ሌላው ደራሲ ቃሉ ሲነካበት ይቆጣል፤ እሳቸው ግን ያልኳቸውን ሁሉ ተቀበሉኝ... ቅንፉን ጭምር። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ የቀበሯቸው አባታቸው፣ ገጽ አርባ ላይ ጤፍ ያጭዳሉ። እኔ ሞኟ ‹መቼ ተነሡ?› ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ጥያቄዬን ለአንባቢ አሳለፉት። አንባቢን እንዲህ የሚያከብር ደራሲ ከየት ይገኛል?»

ሳቢራ ሳቋን ልትውጥ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

«ገጽ ሰባ ላይ ‹ይህ አሰልቺ ነው፤ ይውጣ› አልኩ። አልወጣም... አሰልቺ መሆኑ ግን አብሮ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ሐቀኛ መጽሐፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? ትጋታቸውስ... ዓይናቸው አያርፍም። ፊደል ላይ እንኳ አያርፍም። መግቢያው ላይ ደግሞ ‹ያለ ማንም እርዳታ አዘጋጀሁት› ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አራት ወር ቁጭ ብዬ እኔ ምን ረዳኋቸው? ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅሁት።»

መምህር ፈረደ ከጥጉ ተነሡ። ረቂቁን አንሥተው ገጽ አርባን ገለጡ፤ እንደቆሙም አነበቡት። ከዚያ ገጽ ሰባን። ፊታቸው ቀላ። እስክሪብቶ አውጥተው ፊርማቸውን ሰረዙና፣ ወደ መግቢያው ተመልሰው «ያለ ማንም እርዳታ» የሚለውንም ሰረዙት። ረቂቁን ሳቢራ ፊት አኖሩት። ሳቢራ ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንዲህ ቅልል ብሏት አያውቅም።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ የጥሪ ወረቀታቸውን ይዘው ተነሡ። አሁንም የሚያዩት ሳቢራን ነው።

«በይ ልሂድ ልጄ። ለእኚያ ሰው ግን መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፤ የዓይናቸውን ብርሃን ይጠብቅልን... መጽሐፋቸውን ጀምሮ የሚጨርስ አንድ ሰው አያሳጣቸው፤ እንዲያው እሳቸውም ቢሆኑ።»