ሁለቴ የጠራው የኪኒን ማስታወሻ

ባለ መድኃኒት ቤቱ አዛውንት ረፋዱ ላይ የቢሯቸውን ደረጃ ሲወርዱ የእህታቸው ልጅ ቁና ቁና እየተነፈሰች ስትወጣ ተገጣጠሙ። ሕመምተኞችን የኪኒን ሰዓታቸውን የሚያስታውስ የስልክ መተግበሪያ አላቸው፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን የምትይዘው እሷ ናት። መተግበሪያው ትናንት ማሻሻያ ተደርጎለት ነበርና ዛሬ ጠዋት ለአንድ ኪኒን ሁለት ሁለት ጊዜ ጠርቶ አረፈው።

«አጎቴ፣ ሰው ገጹ ላይ የጻፈውን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኛ። ስሜን ሲያነሡ ሲጥሉ ቁጭ ብዬ ላንብብ? አንዱማ ከነኪኒኖቹ ጊዜው ያለፈበት ብሎኛል።»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ስድብ ብቻ ነው ያጠፉት?»

አዛውንቱ የደረጃውን ድጋፍ ያዝ አደረጉ። «አንዲት ሴት ‘ለእናቴ የልብ ኪኒን ሁለቴ ጠራ፤ ደግሜ ልስጣት ወይ?’ ብላ ነበር። በችኮላ ከሌላው ጋር ጠረግሁት።»

«መልስ ሳይሰጧት?»

 ሰው ሲያፍር ክርክር ያበዛልና አዛውንቱ ወዲያው መከራከር ያዙ።

«ድሮ ብልቃጥ ላይ የተሳሳተ ወረቀት ብለጥፍ፣ ሰውዬው ቤት ድረስ ሄጄ ነው ይቅርታ የጠየቅሁት። አደባባይ ወጥቶ አጠፋሁ ማለት ግን ምን የሚሉት ነው? ባለሙያዎቹ ከሰዓት በኋላ ይጠግኑታል፤ ሰውም ይረሳዋል።»

«ያኔ ያንኳኩት አንድ በር ነው። ዛሬ የመተግበሪያው ተጠቃሚ አራት ሺህ በር ነው፤ ለቀትሩ ጥሪ ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀርቷል። በእግርዎ ይደርሳሉ?»

«ጠበቃ ሳናማክር?»

«ጠበቃው ይመከር። ሁለተኛውን አትውሰዱ ለማለት ግን የሚያስፈልገው መድኃኒት አዋቂ ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት።»

ይህቺ ቃል ልባቸው ገባች። ተመልሰው ወደ ቢሯቸው ወጡና ገጹ ላይ ‘ስለተፈጠረው መጠነኛ መስተጓጎል’ ብለው መጻፍ ጀመሩ።

«መጠነኛነቱን ማን ለካው?» አለች ልጅቱ።

ሰረዙት። «ጥፋቱ የእኛ ነው» ብለው እንደገና ጻፉ። «መተግበሪያችን ለአንድ ኪኒን ሁለቴ እየጠራ ነው። ሁለተኛውን ጥሪ አትከተሉ። ሁለቴ የወሰደ ሰው ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ አሁኑኑ ሐኪም ያነጋግር። ጥያቄያችሁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ አላጠፋም። ስለ እናትሽ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ ደግመሽ አትስጫት፤ እባክሽ መልሽልኝ።» ከሥሩ ስማቸውንና ስልካቸውን አኖሩ።

ስድቡ አልቀረም። እሳቸውም መነጽራቸውን አጥልቀው ለተሳዳቢውም ለጠያቂውም በየተራ መለሱ። ደግመው የወሰዱ ሁለት ሰዎች ደወሉ፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ተላኩ። ሰው ከባለቤቱ አንደበት ሲሰማ የመንደር ወሬ የሚገባበት ቀዳዳ አጣ፤ ያነበቡትም ለሚያውቁት ሕመምተኛ ያስተላልፉ ጀመር። ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ያቺ ሴት ጻፈች፦ «ኪኒኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መልስ ስጠብቅ ነበር። አልሰጠኋትም።»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። ከዚያም ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ።

«ከዛሬ ወዲያ ስሕተት ባየሽ ሰዓት ተናገሪ። እኔ ቢሮ ባልኖር እንኳ አትጠብቂኝ፤ ስሜን አስገብተሽ ጻፊ።»