የባልዲሪ መቀነት

ለእሁድ ምሳ የሚሆን የበግ ሥጋ ልገዛ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ባልዲሪ ሥጋ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ገና ተራዬ ሳይደርስ ከኋላዬ ኬራልት ገባች። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመምህርነት ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ የዚያን ዕለቱን የመሰለ ግን አልገጠመኝም።

ባልዲሪ ሥጋ የሚሸጠው ለኑሮው ነው፤ ነፍሱ ያለችው ሰው በሰው ትከሻ ላይ እየቆመ በሚሠራው ግንብ ላይ ነው። የመንደራችን ግንብ ሠሪዎች አለቃ እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ባለ ስምንት ደርቡን ግንብ በበዓላችን ቀን ሠርቶ፣ ማንም ሳይወድቅ በሰላም ማውረድን ነው። ሁለቴ ተሞክሮ ሁለቴም ተናደ። በመጪው መስከረም ካልተሳካ አለቅነቱን እንደሚለቅ በሕዝብ ፊት ተናግሯል። ይባስ ብሎ፣ ከታች ከሚሸከሙት አንዱ የሆነው ልጁ ማጂ በጸደዩ የመጀመሪያ ልምምድ ወገቡን ተይዞ ተኛ።

ኬራልት የጎረቤቴ ልጅ ናት። ባርሴሎና ተምራ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመምን በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ሆና ተመልሳለች።

«ማጂ እንዴት ሆነ፣ ጋሽ ባልዲሪ?»

«ያው ነው። መቀነቱን በደንብ አላጠበቁለትም።»

«ማን ነበር ያሰረለት?»

«እኔ።»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

ግንብ ሠሪ ሁሉ ወገቡን በረጅም ጥቁር መቀነት ይጠመጥማል። ባልዲሪ ከአባቱ የወረሰው ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነበር፦ ትንፋሽህን አውጣ፣ ሆድህን አስገባ፣ ጉልበትህን ቆልፍ፣ ጀርባህን እንደ ግድግዳ አድርግ። «የሚናገር ሰው አልታሰረም» ይል ነበር።

«አይቆጡኝና፣ ማጂን የጎዳው የመቀነቱ መላላት ሳይሆን አስተሳሰሩ ነው» አለች ኬራልት።

«ጉድ ፈላ! ሰማህ መምህር? ትናንት ከግንቡ ጫፍ ተቀብዬ ያወረድኳት ልጅ ዛሬ መቀነት ልታስተምረኝ መጣች!»

«ያኔ በልጅነቴ ጫፍ ላይ ሆኜ የታቹ ሰው ወገብ ሲንቀጠቀጥ እኔ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እስቲ ያንን የበግ አከርካሪ ይዩት። ቢላዎን የት ያስገቡታል?»

«በአጥንትና በአጥንት መካከል ነዋ! እዚያ ለስላሳ ነው።»

«ለስላሳው ትራስ ነው። ዙሪያው ጠንካራ ክር፣ መሐሉ ዝልግልግ። ወገብ በሸክም ሲጎብጥ የፊቱ በኩል ይጨፈለቅና ዝልግልጉ ወደ ኋላ ይገፋል። ከኋላ ደግሞ ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች አሉ። ማጂን እግሩን አያቃጥለውም?»

ያቃጥለዋል። ባልዲሪ ግን በቀላሉ እጁን የሚሰጥ ሰው አይደለም።

«ልጄ በግ ነው እንዴ?»

«በግማ ቢሆን ወገቡ አያስጨንቀኝም ነበር! የእኛ አከርካሪ ቆሞ የሚሄድ ግንብ ነው። እርስዎ ግንብ ሲሠሩ ከታች ማንን ያቆማሉ?»

«ግዙፉን።»

«ከላይስ?»

«ቀላሏን።»

«አከርካሪም እንዲሁ ነው። የአንገቱ አጥንቶች ትንንሽ፣ የወገቡ ትልልቅ። ለመሆኑ የታቹ ሰው ብቻውን ይቆማል?»

«እንዴት ተደርጎ! ዙሪያውን ሕዝቡ ተጠጋግቶ ካልደገፈው ንፋስ ይጥለዋል።»

«አከርካሪም የራሱ ሕዝብ አለው፦ የሆድ፣ የጎንና የጀርባ ጡንቻ። እርስዎ ሆዱን አስገብተው ትንፋሹን ሲያስወጡት፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ከአደባባዩ አባረሩት። መቀነት አይሸከምም፣ ጋሼ። በትንፋሽ የሞላ ሆድ የሚገፋው ግድግዳ ነው እንጂ።»

ባልዲሪ ጆሮውን አከከ። «አባቴም አያቴም እንዲህ ነው ያሰሩት።»

«አባትዎ በስተርጅና እንዴት ነበር የሚሄዱት?»

ሽማግሌው በምርኩዝ፣ መሬት መሬት እያዩ ይሄዱ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ባልዲሪ ቢላውን አስቀመጠ። አሳዘነኝ፤ አባቱን በጣም ይወድ ነበር።

«እሺ፣ አሳዪኝ» አለ ቀስ ብሎ።

መጀመሪያ በራሱ ሕግ ቆመ፦ ሆድ ገብቶ፣ ጉልበት ተቆልፎ። ትከሻውን ከኋላ ይዤ ወደ ታች ስጫነው ተንገዳግዶ የሥጋ መክተፊያውን ያዘ። ከዚያ ኬራልት እየዞረች አስተካከለችው። «ጉልበትዎን ላላ ያድርጉት። ወገብዎ ላይ ያለችውን ስርጉድ አያጥፏት፤ ሸክም የምትከፋፍለው እሷ ናት። በሆድዎ ይተንፍሱ። አሁን ሰው ሊመታዎ እንደመጣ ሆድዎን ያጠንክሩ።»

እንደገና ተጫንኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

«ተወኝ መምህር፣ እንደ በሬ ከብደሃል!»

«እየተናገሩ እኮ ነው» አለች ኬራልት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምዱ ተለወጠ። ማጂ በኬራልት እጅ መጀመሪያ መራመድ፣ ቀጥሎም ጡንቻውን ማጠንከር ያዘ። ሌሎቹም ሆዳቸውን በትንፋሽ ሞልተው መታሰር ለመዱ። «ሥጋ ሻጩ ዳንስ ሊያስተምረን ነው» እያሉ የቀለዱ ነበሩ፤ ባልዲሪ ግን አልሰማቸውም።

በበዓሉ ቀን አደባባዩ ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ማጂ ሕመሙ ለቆት፣ ኬራልትም ፈቅዳለት ከታች ገባ። ግንብ ሲሠራ የሚነፋው የግራላው ዋሽንት ድምፅ ሲነሣ ደርብ በደርብ ላይ ወጣ። ስድስተኛው ላይ ግንቡ ተንቀጠቀጠ፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተናደውም እዚያው ላይ ነበር። የባልዲሪ ፊት አመድ መሰለ። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መሐል፣ ከታች፣ ጎርነን ያለ ድምፅ ተሰማ።

«አባባ! እየተነፈስኩ ነው! የላዮቹ ይውጡ!»

ወጡ። የማጂ ልጅ ብሩና ጫፉ ላይ ደርሳ ግንቡ መሙላቱን ለማብሰር እጇን አነሣች። ከዚያም አንድ በአንድ፣ አንድም ሰው ሳይወድቅ፣ ግንቡ ወረደ። ጩኸቱ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ዋጠው። ባልዲሪ ኬራልትን ብድግ አድርጎ አቀፋት። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ትርፉ ከአደባባዩ አልፏል። ዛሬ በመንደራችን የለውዝ ጆንያ የሚያነሣ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ሸክሙን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ «ወገቤን» የሚለውም ቀንሷል። ባልዲሪም አለቅነቱን አልለቀቀም። በልምምድ ቀን ብትመጡ የጎረምሶቹን መቀነት በራሱ እጅ ሲያስር ታገኙታላችሁ። አስሮ ሲጨርስ ትከሻቸውን ይመታና ይጮህባቸዋል፦

«ተናገር እስቲ! የማይናገር ሰው አልታሰረም!»