ልውጣ ልውረድ ባይ ድሮን

ከሸዋ ሮቢት ስመለስ፣ ባጃጁ ውስጥ አንድ ተማሪ ካርቶኑን ከፍቶ ድሮን ሲያወጣ ክው አልኩ፤ ልጄ ማማ ላይ ሆና ማሽላ እየጠበቀች ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉት አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ።

«ድሮን ነው ጋሼ፣ የመመረቂያ ሥራዬ። ከፍታውን ራሱ ይጠብቃል።»

«በምን አውቆ?»

«ከፍታውንም ፍጥነቱንም በረጃጅም የቁጥር ሰልፍ ጽፌ አንድ ላይ አስሬለታለሁ። ልውጣ ልውረድ የሚለውን በዚያ ይለያል። ጥቂት ቁጥር ቢበላሽ እንኳ አይስትም።»

«የሰው ድንጋጤስ ይለያል?»

«ኧረ ጋሼ! ዛሬ የምሞክረው እዚሁ አካባቢ ማሽላ ላይ ነው፣ ወፍ ላባርርበት።»

«ተው ልጄ! ባለፈው ቀብር ላይ የድሮን ድምፅ ስንሰማ ሬሳ ጥለን ሮጠናል።»

«የኔ እኮ ትንሽ ነው።»

«ማማ ላይ ያለ ሰው ይህን በምን ያውቃል? ዘሎ ይሰበራል እንጂ።»

«ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩና ሮጬ ልጄን ከማማው አወረድኳት፤ አሁን ቤት ገብተናል፣ ደህና ነን።