በእግር የመምጣት ዕቅድ

ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከጎናቸው የተቀመጠችውን ወጣት ያጫውቱ ነበር።

«የወረዳችን የአካባቢ ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ አማካሪ ነኝ። ዛሬ ዕቅዳችንን እናጸድቃለን።»

«እርስዎ ምን ሐሳብ አቀረቡ፣ አባባ?»

«የኮሚቴው አባላት ሁሉ ለስብሰባ በእግራቸው ይምጡ፣ በእግራቸው ይመለሱ አልኩ።»

«ታዲያ ታክሲ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«ገና አልጸደቀማ!»

«መንገዱ ቁልቁለት እኮ ነው!»

«መመለሻው ዳገት ነው፤ አንቺ ጉልበቴን አታውቂውም።»

«ይህን እያወቁ ለምን አቀረቡት?»

«ሁሉም አንድ አንድ ሐሳብ ይዞ ይምጣ ተባለ። ችግኙንና ቆሻሻውን ሌሎች ቀድመው ወሰዱት፤ ለእኔ የቀረኝ እግር ነበር።»

«ዛሬ ከጸደቀስ?»

«እንዴት ተደርጎ! የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ።»

ስብሰባው ለታዛቢ ክፍት መሆን አለመሆኑን ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት።