የየኔታ መዝገቡ ማድ ቤት

የኔታ መዝገቡን ያገኘኋቸው ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እኔ ባዶ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ለምድጃ የሚሆን አፈር ልቆፍር እወርዳለሁ። እሳቸው ጥምጥማቸውን እንደ በዓል ቀን አሳምረው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ ከጎናቸው አንግተው ብቻቸውን ይሄዳሉ። የዜማ መምህር ብቻውን ሲሄድ ነገር አለ ማለት ነው።

ነገሩንስ ከእሳቸው በቀር ሰፈሩ ሁሉ በአደባባይ ያወራዋል። የልጃቸው የእሸቴ ሚስት ውብአለም የአሥር ወር ልጇን አዝላ ጋፋት አባቷ ቤት ከገባች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ልጁ እየዳኸ ሄዶ ከጉልቻው መሐል ፍም ጨበጠ። እናቱ ጭስ ዓይኗን ዘግቶት አላየችውም። የኔታ ጩኸቱን ሰምተው ብቅ አሉና፣ «እሳት መምህር ነው፤ አንዴ ካስተማረ አይደግምም» አሉ። ውብአለም ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እሸቴ ሐሙሲት እህል መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ሲመጣ ባዶ ቤት ጠበቀው። ወጉ ሽማግሌ መላክ ነበር። የኔታ ግን ሽማግሌ ብልክ ገመናዬ ይወጣል ብለው ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ወረዱ።

«እንደምን ዋሉ የኔታ?» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማነሽ አንቺ?» አሉ፤ አሳምረው እያወቁኝ።

«ፈንታነሽ ነኝ፤ የብዙነሽ ልጅ።»

«ጭቃ አቡኪዋ?»

«እሷው ነኝ። አሁንም ለዚያው ነው የምወርደው። የጋፋት አፈር እሳት ይችላል።»

«የጋፋት አፈርማ መድፍ የወለደ ነው!»

«ታዲያ ምድጃ ቢወልድ ምን ይጎዳዋል?»

ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ምራቴን ያሸፈተብኝ ያንቺ ምድጃ አይደል? በእናትሽ ማድ ቤት አይታ መጥታ ካልተሠራልኝ አለች። እናንተ ጓዶች! መሬቱን ወሰዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ጉልቻ ላይ ደረሳችሁ?»

«እኔ የማንም ጓድ አይደለሁም የኔታ። ያሉኝም ራስዎ ነዎት፤ ጭቃ አቡኪ ነኝ። ውብአለምን ያሸፈታት ደግሞ ምድጃ ሳይሆን የልጇ እጅ ነው።»

ዝም ያለ ሽማግሌ የተረታ ሊመስል ይችላል፤ የኔታ ግን ዝም የሚሉት የሚወረውሩትን ሲመርጡ ነው።

«ስሚ ልጄ» አሉ ትንሽ እንደ ሄድን። «ጭስ ለቤት ዘበኛ ነው። ሳሩን ያጠነክራል፣ ምስጡን ያባርራል። አባቴም አያቴም በጭስ ነው ቤት ያቆሙ። ጭሱን በቱቦ ከሰደድሁት ሳሬን ማን ይጠብቅልኛል?»

«የቱን ሳር የኔታ?»

«የጣራዬን ነዋ!»

«ጣራዎ ቆርቆሮ ነው።»

ቆሙ። እኔም ቆምሁ። እውነቴን ነው፤ ቤቱ በቆርቆሮ ከተከደነ አራት ክረምት አልፎታል፤ ከቤቱ የተረፈው ቆርቆሮም ለማድ ቤቱ ሆኗል። አራት ዓመት ሙሉ ውብአለም የምታለቅሰው ለሌለ ሳር ነበር! ብስጭቴን ዋጥሁት፤ ግን እንደ ደረቅ ቆሎ ነው የተዋጠልኝ።

«ማድ ቤቱስ?» አሉ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

«እሱም ቆርቆሮ ነው። የጭሱ ጥቀርሻ ከላዩ እየተንጠባጠበ ወጥ ውስጥ ይገባል።»

«ለወጡ ቃና የሚሰጠውስ እሱ አይደል? ጭስ ያልነካው ወጥ የሐኪም ቤት ወጥ ነው።»

«ቃና የሚሰጥ ሽንኩርት ነው የኔታ። ጥቀርሻ ቃና ቢሆን ኖሮ በሐሙሲት ገበያ በጣሳ ይሸጥ ነበር።»

ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ፊታቸውን ሰበሰቡ። «በዚህ የጉና ብርድ እሳቱን በጭቃ ቤት ዘግታችሁ እኛ ምን እንሙቅ? እሳትንም አሰራችሁት?» አሉና ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ደንግጠው ግራና ቀኝ ቃኙ። መንገዱ ላይ ከሁለት በጎች በቀር ሰሚ አልነበረም።

«የታሰረ እሳት ይበልጥ ያሞቃል» አልሁ። «ሜዳ ላይ የተለቀቀው ሙቀቱን ለጣራ ይሰጣል። በጭቃ የተከበበው ግን ጭቃውን ያግለዋል፤ እንጨቱ ካለቀ በኋላም የምድጃው መደብ እንደ ጋለ ድንጋይ ይቆያል። እናቴ ቁርጥማቷን የምታስታግሠው ጀርባዋን እሱ ላይ አስደግፋ ነው።»

«በይ ተይኝ! ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።»

ይኸው! ይህን እየጠበቅሁ ነበር። ያገሬ ሰው ተረት ካገኘ ማሰብ ይተዋል፤ ተረቱን እንደ ግንድ መንገዱ ላይ ይጋድምና ቁጭ ይልበታል።

«የኔታ፣ ወጡ ይጣፍጣል ያለ ማን ነው? እኔ ያልሁት ልጁ አይቃጠልም ነው።»

በዚህ ጊዜ ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ወንዝ ጋ ደረስን። የኔታ ለራሳቸው ሳይሆን ለማኅደራቸው ፈርተው ወለም ዘለም ሲሉ፣ «ያምጡት፣ እኔ ላሻግረው» አልሁ። ሰጡኝ። ከወዲያ ማዶ ስመልስላቸው ውኃ ነክቶት እንደሆነ ሊያዩ ክዳኑን ፈቱት። አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር ሽታው አፍንጫዬ ገባ፤ የቆዳና የቀለም ሽታ፣ ሌላ ምንም የለውም። ጋቢያቸው ግን የጭስ ማደሪያ ነው። ጥምጥማቸው ሳይቀር ጭስ ጭስ ይላል።

«ዳዊትዎ ጭስ አይሸትም» አልሁ።

ፊታቸው በራ። «እንዴት ተደርጎ! የአባቴ የእጅ ጽሕፈት ነው። ካባቴ ከተረከብሁት አርባ ዓመቴ፤ አንድ ቀን ጭስ አስነክቼው አላውቅም። እልፍኝ ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ በራቀው ግድግዳ ነው የምሰቅለው። በሩን ራሴ ነኝ የምዘጋ።»

«ለምን? ጭስ ብራና ይጎዳል?»

«ይጎዳል እንጂ! ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ቀዩን ቀለም ይበላዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፊደሉ አይነበብም።»

«ዓይንስ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር፤ ምላሴ ግን እንደ ልማዷ ቀደመችኝ። «ብራናው የፍየል ቆዳ ነው የኔታ። ውብአለም ደግሞ ሰው ናት። ለፍየሉ ቆዳ በር ዘጉለት።»

ክዳኑን ለመቋጠር ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ጠፍሩ ከጣታቸው እያመለጠ ሁለቴ ተፈታባቸው። ከዚያ መንገድ ጀመርን።

«አመተማርያም» አሉ በመጨረሻ፤ ሟች ሚስታቸውን ነው። «በኋለኛው ዘመኗ ፊቴን በእጇ ዳስሳ ነበር የምታውቀኝ። ከእግዜር የመጣ ነው እል ነበር።»

«ከእግዜር ይሁን ከጭስ እኔ አላውቅም» አልሁ። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ምላሴን ነከስሁ።

«እንዴት ነው ይኸ ምድጃሽ?» አሉ ሳያዩኝ።

ነገርኋቸው። ምድጃው እንደ ጉልቻ ወለል መሐል አይጎለትም፤ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይገነባል። ከድንጋይና፣ ጭድና አመድ ከገባበት ጭቃ እስከ ሴት ወገብ ይነሣል። ከፊቱ አንድ የእንጨት አፍ፣ ከላዩ ሁለት የድስት ማስቀመጫ ቀዳዳ አለው። ጭሱን የሸክላ ቱቦ ግድግዳውን አሳልፎ ወደ ውጭ ይሰደዋል። ከሥሩ እንጨት ይከተታል፣ ከጎኑ ለጨውና ለበርበሬ ማስቀመጫ ይቦረቦራል።

«ማን አስተማረሽ?»

«ሥዕሉን ሳሙና በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ አገኘሁት። ጽሕፈቱን ያነበብሁት በእርስዎ ፊደል ነው፤ ውኃ ስቀዳ ከአጥርዎ ጀርባ ቆሜ የለቀምሁት። ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለት ጊዜ ፈርሶብኛል። በሦስተኛው ቆመ።»

«ሁለት ጊዜ ፈረሰ?»

«አዎን። የኔታ፣ ደቀ መዝሙርዎ ስንት ጊዜ ሲሳሳት ነው ዜማ የሚይዘው?»

ጋፋት ስንደርስ አቶ ወርቁ፣ የውብአለም አባት፣ በክብር ተቀበሉን። የኔታ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ደጁ ላይ ቀረሁ። አሁን ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ምን ያልቃል! ሰው ፊት ሲቀርቡ መንገድ ላይ የነበሩት የኔታ ጠፉና ወግ አጥባቂው የደብሩ መምህር ተመልሰው መጡ።

«ልጄ ውብአለም» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሴት ከባሏ ቤት በጭስ ምክንያት አትወጣም። ለመሆኑ እዚህስ ጉልቻ የለም?»

ጆንያዬን መሬት ላይ ወረወርሁት። ጮኼ እንዳልናገር ያገደኝ የአቶ ወርቁ ደጅ መሆኑ ብቻ ነው።

«አለ የኔታ» አለች ውብአለም ቀስ ብላ፤ ልጇን አዝላ ቆማለች፣ ዓይኗ አሁንም ጠርዙ ቀይ ነው። «እዚህ ግን ብቻዬን አይደለሁም። እኔ እሳት ሳነድ እናቴ ልጁን ትይዝልኛለች። እዚያ ሁለት እጅ ነው ያለኝ፤ አንዱ ለእሳት፣ አንዱ ለዓይኔ። ለልጄ የሚተርፍ የለኝም።»

የኔታ ከጋቢያቸው እጥፋት ቁራሽ ዳቦ አወጡ፤ ለልጅ ልጃቸው ይዘውት የመጡት ነው። ዘረጉለት። ልጁ ዳቦውን አየ። አያቱንም አየ። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጁን ብቻ ሳይሆን ደህናውንም ጭምር ወደ እናቱ ጀርባ ሸጎጠ።

«እንካ እንጂ፣ ዳቦ እኮ ነው» አሉ።

ልጁ አለቀሰ።

«ሰው የሰጠውን አይቀበልም» አለች ውብአለም። «ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲህ ነው።»

የኔታ ዳቦውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እሳት መምህር ነው ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ትምህርቱን ደግሞ እነሆ ፊት ለፊታቸው አዩት።

«አሁን አትምጪ» አሉ።

አቶ ወርቁ ደንግጠው ተነሡ። ውብአለም ፊቷ ነጣ።

«አትምጪ አልሁሽ። መጀመሪያ ጭቃው ይድረቅ።» ከዚያ ወደ ደጁ ዞረው፣ «አንቺ ፈንታነሽ፣ በስንት ቀን ይደርቃል?»

«በሁለት ሳምንት» አልሁ።

«በይ ምን ትጠብቂያለሽ? አፈርሽን ቆፍሪ!»

በማግስቱ የኔታ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃ ረገጡ። ደቀ መዛሙርቱ አጥር ላይ ተሰቅለው አዩ፤ ሲስቁ የኔታ የጭቃ እንክብል ወረወሩባቸው። ሦስቱን ጉልቻ በእጃቸው ነቅለው ከምድጃው ሥር መሠረት አደረጓቸው፤ «አሁን ማንም ጉልቻዬ ተነቀለ አይበለኝ» አሉ። እኔም ደስ ይበላቸው ብዬ ዝም አልሁ።

ውብአለም ከተመለሰች እነሆ ሁለት ወር ሆናት። አንባቢዬ ሆይ፣ ሌላ ማስረጃ ከፈለግህ የየኔታን ማድ ቤት ሄደህ ተመልከት። ቀድሞ ሦስት ሸክም እንጨት ለሚፈጀው ማብሰል አሁን ሁለቱ ይበቃል፤ ውብአለምም ጫካ ትሄድበት የነበረውን ቀን ልጇን ታጥብበታለች። ወለሉ ባዶ ስለሆነ ማድ ቤቱ የሰፋ ይመስላል። ቆማ ስለምትሠራ ወገቧ አይጎብጥም። ድስቱ አይገለበጥም፣ ልጁ ፍም ጋ አይደርስም። ይህን ሁሉ ለማግኘት የጠፋው የአንድ ጆንያ አፈርና የጥቂት ቀን ድካም ነው። ለማሳመን የጠፋው ትንፋሽ ግን ሌላ ነው፤ እሱን እኔ አውቃለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ አልሁ። ውብአለም ሽሮ እየሠራች ነው። ልጁ ወለሉ ላይ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ይንከባለላል። የኔታ ዳዊታቸውን አንግተው ገቡና ጀርባቸውን የሞቀው መደብ ላይ አስደግፈው ማኅደሩን ይፈቱ ጀመር።

ውብአለም በድሮ ልማዷ ደነገጠች። «የኔታ፣ ጭሱ!»

የኔታ ቀና ብለው ጣራውን ቃኙ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የቱ ጭስ?» አሉና ማንበብ ጀመሩ።